የወይኖ ቅንጃ

በሬ በናፍቆት እህል ውሃ ይተዋል ብል እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴም አታምነኝም፤ እሷ ግን እየዘነበ ዘነበ ብላትም አታምነኝ። ዛሬ ጠዋት ደጄ ላይ የሰቀልኩትን ቀንበር ካፊያ ነካውና ጠፍሩ ሸተተኝ። የቆዳ፣ የላብ፣ የአፈር ሽታ። እሱ ነው የሚያስወራኝ እንጂ ሥራ ጠፍቶኝ አይደለም።

ፊደል የቆጠርኩት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው፤ ያስተማረኝ የለም። ስለ በሬና ስለ ሰው ግን እኔን የሚያህል ከሰቆጣ እስከ ኒሯቅ ቢፈለግ አይገኝም።

ያኔ ጎረምሳ ነኝ። አባቴ ያለው አንድ በሬ ነው፣ ወይኖ። ጎረቤታችንም ያለው አንድ ነው፣ ቡሬ። በአንድ በሬ አይታረስ ነገር፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች አቀናጅተው አንድ ቀን የኛን ማሳ፣ አንድ ቀን የሱን ያርሳሉ። ቅንጃ ናቸው፤ በሬዎቹም፣ ሰዎቹም። ውሏቸው ስድብ ነው።

«አንተ ሰነፍ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ! ትልምህ እባብ መሰለ እኮ» ይላል ጎረቤታችን።

«ያንተ በሬ ነዋ! እንደ ጌታው እያነከሰ» ይላል አባቴ።

ከሩቅ የሰማ ሊጋደሉ ነው ብሎ ይሮጣል። ማታ ግን ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት።

ኋላ ጎረቤታችን ማሳል ጀመረ። ወልድያ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው ልጁ መጣና «አባዬ፣ ከእንግዲህ እረፍት ነው የሚያስፈልግዎት» ብሎ ይዞት ሄደ። ቡሬ ሰቆጣ ገበያ ወጥቶ ለጋዝጊብላ ሰው ተሸጠ። ልጁ ደግ ነው፤ ክፉ አላሰበም።

ከዚያ ወይኖ መብላት ተወ። የጤፍ ጭድ ብንለው፣ አተላ ብንለው፣ ፊቱን ወደ ጎረቤት ባዶ በረት አዙሮ መቆም ነው። አባቴም ደጃፍ ተቀምጦ ወደዚያው ያያል። አንገቱ ቀጠነ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ሐኪም ደረቱን ቢያዳምጥ፣ ቢያዳምጥ፣ «በሽታ አላገኘሁባቸውም። ብቻ፣ ብቻቸውን አታውሏቸው» አለኝ።

ብቻውን አላዋልነውም። ቤቱ በሰው ሞላ። ሁሉም ግን «እንዴት ዋሉ አባ፣ እግዜር ይማርዎ» ነው። የሚሰድበው ጠፋ። አንድ ቀን እኔ ቀልደኛው እንደምንም ደፈርኩና «እርስዎ ሰነፍ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?»

በነጋታው ፍየሎቻችንን እየነዳሁ ጋዝጊብላ ሄድኩ። በሬውን የገዛውን ሰውዬ «ፍየሎቹን ውሰድና ቡሬን መልስልኝ» አልኩት።

«ያንን? ከመጣ ጀምሮ ድርቆሽ አልነካም! ወንድሜ፣ እብደትህ ሳይለቅህ ቶሎ ንዳልኝ» አለኝ።

ቡሬ አጥራችን ጋ ሲደርስ ወይኖ ገና ሳያየው እምቧ አለ። ቀንበር የላጠውን አንገቱን ላሰው። ከዚያ ሁለቱም ጭዱ ላይ አቀረቀሩ፤ ሲያኝኩ ድምፁ እስከ ደጃፍ ይሰማል። እኔ ዘለልኩ፣ ጨፈርኩ፣ የሐኪም ሐኪም ነኝ አልኩ። አባቴ አያቸው፣ አያቸውና፣

«እነሱስ ተገናኙ» አለ።

ያኔ ገባኝ። ጎረቤታችንን ከወልድያ ላመጣ ስንቅ አስቋጠርኩ። መርዶው ቀደመኝ። በልጁ ቤት፣ በጥጥ ፍራሽ ላይ፣ ወተቱ ራስጌው እንደተቀመጠ አርፏል። አባቴም አዝመራው ሳይታጨድ ተከተለው። አላለቀስኩም። ሰው ሲያለቅስ እኔ በሬዎቹን ውሃ አጠጣሁ። ወይኖና ቡሬ ጥርሳቸው እስኪረግፍ ኖሩ።

አላመናችሁም አይደል? የጋዝጊብላው ሰውዬ አለ፤ ዛሬም ገበያ ሲያየኝ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሱን ጠይቁ። ወልድያም ልጁ አለ። ለአባቴ ለቅሶ መጥቶ ጥግ ያዘኝና፣ አባቱ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ትኩሳት እንኳ ሳይኖራቸው፣ «አንተ ሰነፍ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ!» ይሉ እንደነበር ነገረኝ።

«ማንን ይሆን?» አለኝ።

እኔ እንጃ አልኩት። ደግ ልጅ ነው አላልኳችሁም? በሉ፣ ውሸት ነው የምትሉ ሂዱና ጠይቁት። መልሱን ግን አትንገሩት።