የጭራው ጎድኖች

«እስቲ ተጫኚው» አለኝ ባለቤቴ።

በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግሁት። ከክንዴ የማይረዝም ስስ ኮምፔርሳቶ ነበር። መሀሉ እንደ ቆርቆሮ ገባ ብሎ ተመለሰ።

«አየሽ? አየር ሲመታው እንዲህ ነው የሚሆነው። ዳርና ዳሩን በቀጭን እንጨት ካላጠነከርነው ጭራው ይጠማዘዛል።»

«ቢጠማዘዝስ?»

«ከዚያማ መውደቅ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቤታችን ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ድሮ ያሠራው የነበረ የውጭ አገር ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ ሁለት ረጃጅም ሳጥኖች ትቶለት ሄደ። ውስጣቸው ያለው ቤት ተቀምጠው የሚገጣጥሙት ትንሽ አውሮፕላን ነበር፦ የእንጨት ጣውላ፣ የሙጫ ጣሳ፣ አንድ ጥቅል ንድፍ። ሳጥኖቹ ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ከጆንያ ሥር ተቀብረው ኖሩ። ባለቤቴን ከአውሮፕላን ጥገና አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት ሲያስቀምጡት ነው የከፈታቸው። ከጭራው ጀመረ። ለጭራው ቅርጽ የሚሰጡትን እንጨቶች «ጎድን» ይላቸዋል።

እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ስለነበር ሙጫ መለካት የእኔ ድርሻ ሆነ። አምስት እጅ ሙጫ፣ አንድ እጅ ማድረቂያ፤ በስሪንጅ ስቤ በቡና ሲኒ ውስጥ አማስለዋለሁ። እሱ ቀጭኑን እንጨት በጎድኑ ዳር ያስኬዳል፣ እኔ በልብስ መቆንጠጫ እየቆነጠጥኩ እከተለዋለሁ። ክረምት ስለነበር ሙጫው በብርዱ አልደርቅ አለ። ጎድኖቹን ጋቢ አልብሰን ከሥራቸው አምፖል ማብራት ጀመርን።

አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ስለ ስኳር ሲያወራ ቆይቶ፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ «በዚህ በእኛ ሰፈር በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቶ የሚውል ቤት አለ። ምን እያሞቀ እንደሆነ ቢነግረን ደስ ይለናል» አለ። ማንንም አላየም። የሰርቪሳችን በር ስንጥቅ እንዳለው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

እየተመለስን ሳለ «ተወው ይቅርብህ» አልኩት።

«እንጨት ማጣበቅ ወንጀል ነው?»

በዚያው ሳምንት የአንዱን ጎድን ልክ ፍለጋ ንድፉን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁት። መቀመጫው አንድ ነው።

«ይሄ ስንት ሰው ይይዛል?»

«አንድ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ወዴት ልትሄድበት ነው?»

«የትም። ሲነሳ ማየት ነው የምፈልገው።»

በዚያን ጊዜ ሰው ለሚስቱም ሳይናገር ነበር የሚጠፋው። አብራኝ የምትሠራ ሴት ባሏ ለመስክ ሥራ ብሎ እንደ ወጣ ቀርቶ፣ ከወራት በኋላ ከካርቱም ደብዳቤ ጻፈላት። ደብዳቤውን ላቦራቶሪ ውስጥ ቆማ ስታነበው አይቻታለሁ።

በማግስቱ ማድረቂያውን በግማሽ ቀነስኩት።

ሙጫው ካልደረቀ ሥራው ይቆማል ብዬ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም። ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቴ በጥፍሩ ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ ብርድ!» አለና አምፖሉን አስጠጋው። ሙቀቱ ሲበዛ ላዩ ደረቀ፣ አብረቀረቀ። አውጥቶ ከደህናዎቹ ጋር ደረደራቸው። አሥራ አራት ጎድን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ።

ያኔ ነው የፈራሁት። ቀበሌውን መፍራት ሌላ ነው፤ ይሄ የራሴ እጅ ሥራ ነው። ጎድኖቹን ባየሁ ቁጥር ጭራው ሰማይ ላይ ሲጠማዘዝ ይታየኛል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰርቪሱ በር ላይ ቆሜ ነገርኩት።

«ማድረቂያውን የቀነስኩት እኔ ነኝ።»

«የቱ ላይ?»

«አላውቅም። ተደባልቀዋል።»

አንዱን አንስቶ ጉልበቱ ላይ ሰበረው። እንጨቱ ራሱ ተሰነጠቀ፤ ሙጫው ደህና ነበር። ሁለተኛውን ሲሰብረው ማጠንከሪያው እንደ ፕላስተር ተላጦ ወጣ። ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ሳይቸኩል አሥራ አራቱንም ሰበራቸው።

«እንድሞት ነው የፈለግሽው?»

«እንዳትሄድ ነው።»

ከቀናት በኋላ ከተረፈው ኮምፔርሳቶ አዲስ ጎድን ቆረጠ። ሙጫውን አሁንም የምለካው እኔ ነኝ፤ እሱ ግን አጠገቤ ቆሞ የስሪንጁን መስመር ያነብባል።

አራተኛውን ስናጣብቅ መጡ። ጠዋት ነበር፤ ሊቀመንበሩና ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች። ሊቀመንበሩ ጋቢውን ገልጦ መቆንጠጫዎቹን አየ።

«ምንድን ነው?»

የወንበር መደገፊያ ነው ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ።

«የአውሮፕላን ጭራ ነው።»

አንደኛው ጠባቂ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

«ወዴት ሊበር?»

ይህን መልስ እኔም እፈልገው ነበር፤ ባለቤቴ ግን ዓይኑን ከጎድኑ አላነሳም። ሳጥኖቹን፣ ንድፉን፣ አምፖሉን ሳይቀር አውጥተው ፒክአፕ ላይ ጫኑ። ሳጥኖቹ ከበሩ ሲወጡ ደረቴ ቀለል አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። ወዲያው ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ፣ «ጃኬትህን ያዝ» አለው።

አምስት ወር ታሰረ። በየሳምንቱ ስንቅ አደርሳለሁ፤ መኖሩን የማውቀው ባዶው ሳህን ሲመለስልኝ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ሳህኑ ሳይመለስ ቀረ። ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አሁንም መናገር አልችልም። በሚቀጥለው ተመለሰ።

ምንም ሳይነግሩት ለቀቁት። ቀን ላይ በእግሩ መጣ፤ ጃኬቱ ሰፍቶት፣ ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ነጥቶ። ውሃ አሙቄ ባኞ ውስጥ ልቀዳለት ስል እጄን ያዘኝ።

«የነገርሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እሺ» አለ።

አምኖኝ ይሁን ደክሞት፣ አልጠየቅሁትም። ታጠበ፣ በላ። ሰኞ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደ፤ ጡረታ እስኪወጣም እዚያው ሠራ። አብረን አረጀን፤ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ሻይ ሳቀርብለት ግን፣ ድሮ እኔ እጨምርለት የነበረውን ስኳር ራሱ ነበር ለክቶ የሚጨምረው።