የቱ ጋ ጠፋብሽ?

ልጅ ሆኜ፣ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ሳይበቅሉ፣ በሰው አገር፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። መብራት ሲጠፋ የሕንጻው ሐበሻ ልጆች በሙሉ ደረጃው ላይ እንሰበሰባለን። ጊጊሪ የሚባል ሰፈር በጥበቃ የሚሠሩት ጎረቤታችን ጋሽ ለማ ጂኳቸውን፣ ያቺን የከሰል ምድጃ፣ ደጅ አውጥተው፣ ፍሙን በካርቶን እያራገቡ ተረት ያወሩልን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ ያኔ ግን ማን ይነሳል! የፋኖሱ ብርሃን ጥላቸውን ግድግዳው ላይ ሲያረዝመው እሳቸውን ትተን ጥላቸውን እናያለን።

ጋሽ ለማ አውርተው ብቻ አይተውንም። በሌላ ቀን አንዳችን ተረቱን መልሰን እናወራለን፣ ሌሎቹ አስተያየት ይሰጣሉ። ተራዬ የደረሰ ቀን እንዲህ ስል ጀመርኩ።

«ሴትዮዋ በሯን ቆለፈች። ከዚያ ፊሲው በላት።»

በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ ሳምራዊት ሳቋን ለቀቀችው። «ፊሲ አለች በስዋሂሊ! ጅብ ማለት አትችልም! ከአሥር ዜሮ!»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ተነስቼ ልሮጥ ስል ጋሽ ለማ ቀሚሴን ያዝ አደረጉ።

«ሳሚዬ፣ ፊሲ ስትል ምን ታየሽ?»

«ጅብ።»

«ታየሽ አይደል እንዴ! ቁጥሩን ለራስሽ ያዥውና፣ የቱ ጋ እንደጠፋብሽ ንገሪያት።»

ሳምራዊት ከንፈሯን ነክሳ አሰበች። «በሩ ተቆልፏል ብላለች። ታዲያ ጅቡ በየት ገባ?»

እውነቷን ነው፣ ረስቼዋለሁ! ቁጭ ብዬ እንደገና ጀመርኩ፤ ጅቡንም በጣሪያ አስገባሁት። ሳምራዊት ፈርታ እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ስትሰበስብ አየኋት።

አሁን እኔም እናት ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ይህንንም የምጽፈው ፊደል እየለቀምኩ ነው። በቀደም ልጄ ኤደን የክፍል ጓደኛዋን የብሪያንን ደብተር ይዛ መጣች፤ እርስ በርስ ተራረሙ ተብለዋል።

«ማሚ፣ ከአሥር ሦስት ልስጠው። ቦሪንግ ነው።»

እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ ታሪኩን በአማርኛ አስወራኋት። ስለጠፋ ውሻ ነው።

«የቱ ጋ ጠፋብሽ?»

«ውሻው ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ገባ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ቤት ነው። ማን እንዳወረደው አይናገርም።»

«እሱን ጻፊለት።»

«ቲቸር ማርክ ስጡ ነው ያለችው!»

«ማርክ መስጠት የሷ ሥራ ነው።»

እያለቀሰች ጻፈች፤ ቁጥር ግን አላስቀመጠችም። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተጠራሁ። አስተማሪዋ፣ ቁጥር ካልተሞላ ኤደን ሥራዋን እንዳልሠራች ይቆጠራል አለችኝ። በእንግሊዝኛ ጀምሬ ሲያቅተኝ በስዋሂሊ ቀጠልኩ።

«ልጄ አንብባለች፤ የጎደለውንም ነግራዋለች። ሦስት ብትለው ብሪያን ምኑን ያስተካክላል?»

አስተማሪዋ ግን የኤደንን ማርክ ቀነሰችባት።

ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔም ዕድሏን አበላሸሁባት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ፤ መጨነቅ መቼ ለቆኝ ያውቃል! መጸጸት ግን አልጸጸትም። ያኔ በዚያች ዜሮ ሮጬ ብሄድ ኖሮ ሰው ፊት አፌን የምከፍት ሴት አልሆንም ነበር። ሌላም ደብተር ይላኩ፤ ኤደን አንብባ ያልገባትን ትጽፋለች፣ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ትተወዋለች። ከፈለጉ ይጥሩኝ። እየፈራሁም ቢሆን እሄዳለሁ።