በሰላዩ ፊልም ላይ የሰጠሁት ፍርድ

በላስታ ምድር ከእኔ በፊት ፊልም አይቶ፣ አይቶም ፍርድ የሰጠ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ ሌላ ካለ ይምጣና ይናገር። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። እንግሊዝኛውንም በስፌት መኪናዬ ላይ ካለው ጽሑፍ ጀምሬ፣ በአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት አሳድጌ፣ ፈረንጅ ሲያወራ ግማሹን እስከ መረዳት ደርሻለሁ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነበር። ክርና አቡጀዲ ለመግዛት ከላሊበላ በጭነት መኪና እስከ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ ወደ ደሴ እወርድ ነበር። ደሴ ወርጄ ሲኒማ ቤት ሳልገባ የተመለስኩበት ጊዜ የለም።

ሰላዩን የተዋወቅኩት እዚያ ነው። ሰውየው እንግሊዛዊ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ፊልም ይወጣለታል፤ ተዋናዩ ሲያረጅ ሌላ ይተካበታል፣ ሰላዩ ግን ያው ሰላይ ነው። ሌላው ተመልካች ለመኪናው ሩጫና ለሴቶቹ ይገባል። እኔ የማየው ሥራውን ነበር፤ እንዴት ገባ፣ እንዴት ወጣ፣ ዕቃውን የት ደበቀ። ኮቱ ሽጉጥ ታቅፎ እንኳ ብብቱ ላይ አይነፋም። ሰው ሁሉ ሰላዩን ሲያደንቅ እኔ ኮቱን የሰፋውን ሰው አደንቅ ነበር።

አዲሱ ፊልም ደሴ ሲደርስ ደርግ ከመጣ ጥቂት ዓመታት ሆነውት ነበር። ሲኒማ ቤቱን የሶሻሊስት አገሮች ፊልም ሞልቶት ሳለ የእኔ ሰላይ እንዴት ሾልኮ እንደገባ እንጃ። ገብቼ አየሁትና አልወደድኩትም። አዲሱ ተዋናይ ሳቅ ያበዛል፤ ጥርሱን ለማሳየት የተቀጠረ ይመስላል። ይህንስ እችለው ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። በረሃ ውስጥ ያለች ከተማ ከአንዲት ሴት ጋር ይገባና የመላላኪያ ሬዲዮኑን በጃንጥላ እጀታ ውስጥ ደብቆ ይዞራል። ዝናብ በማያውቅ አገር ጃንጥላ! የመጀመሪያው ዘበኛ ሊይዘው ይገባ ነበር፤ ማንም አልያዘውም። ከዚያ በፊት በወጣው ፊልም ሰላዩ የአገሬውን ልብስ ለብሶ፣ የአገሬውን ዕቃ ተሸክሞ ነበር የገባው። ሥራ ማለት ያ ነው። በአዲሱ ግን ተመልካቹን ንቀውታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተቀመጥን። ማኅበርተኛው ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ሲቀዳ፣ ከመንገድ የተመለሰ ሰው ያየውን መናገር ወግ ነው። እኔ ስናገር ደግሞ የሚያንቀላፋ አልነበረም። «በዓይኔ በብሌኑ አየሁት» ብዬ ጀመርኩና ፊልሙን ከነጥፋቱ ዘረገፍኩላቸው። የወንድ ልጄ ክርስትና አባት፣ አበልጄ የምለው ገበሬ፣ አጠገቤ ነበር። ከደብራችን ደጅ ውሸት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገርም አይቶ አያውቅም።

«ታዲያ አበልጄ፣ አንተ ብትሆን በምን ትደብቀው ነበር?» አለኝ።

«በመቋሚያ ነዋ። የመቋሚያውን ራስ ነቅሎ፣ ውስጡን ቦርቡሮ፣ ሬዲዮኑን ከቶ ራሱን መልሶ መሰካት። የቄስ መቋሚያ ማን ይፈትሻል? ዘበኛው ራሱ መስቀል ተሳልሞ ያሳልፍሃል።»

የነፍስ አባቴ፣ ሽማግሌው አባ፣ ዳቧቸውን እያላመጡ ሰሙኝ። «ማሕሌት ቆመን መሐል ላይ ማውራት ቢጀምርብንስ ልጄ፣ ምን ልንለው ነው?» አሉ። ሰንበቴው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከጋሸና በላይ አንድ የመንግሥት እህል መኪና ተቃጠለ። ጫካ ያሉት ታጣቂዎች ናቸው ያቃጠሉት። መኪናው የሚያልፍበትን ቀን ማን ነገራቸው? በዚያ ሰሞን ከወገል ጤና ተዛውሮ የመጣ ወጣት ካድሬ ነበረ፤ ሰላይ ሳይገኝ ማንም ቤቱ አይገባም አለ። የቀበሌው ሰዎች የቆየውን አውጫጭኝ አስታወሱትና ደስ አለው። አውጫጭኝ ማለት አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ በተራው እየማለ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ የሚልበት የአባቶች ሥርዓት ነው። የከብት ሌባ ይወጣበት ነበር። መሐላውን የሚያፈርስ ሰው በልጁም በአዝመራውም እንደሚቀጣ ሁሉም ያምናል።

ከገበያው በታች ወይራው ሥር ተቀመጥን። ሚሊሻዎቹ ዙሪያችንን ቆሙ። ብዙ ሰው ማለ፤ ያየም የሰማም አልነበረም። የአበልጄ ተራ ደረሰ። ተነሣ፣ ነጠላውን አደገደገ፣ ማለ።

«እንግዲህ የተጠየቅነው ስለ ሰላይ ነው» አለ። «ስለ ሰላይ እኔ የሰማሁት ከአበልጄ ብቻ ነው። ደሴ ወርዶ ሰላይ በዓይኑ አይቶ መጣ። ሬዲዮ የያዘ ነው። አበልጄ ግን ሥራውን አልወደደለትም። እኔ ብሆን በመቋሚያ ነበር የምደብቀው ብሏል። የሰማሁት ይኸው ነው።»

ተቀመጠ። ዞሮም አላየኝ፤ የጎዳኝ አልመሰለውም። የሰማውን መናገር ነበረበት፣ ተናገረ። በዚያ ዘመን «ወልድያ ይሂድ» ተብሎ ለእስር የተላከ ሰው ነጠላው እንኳ አይመለስም ነበር። ካድሬው በጣቱ ጠራኝና ቆምኩ።

«ሰላዩ ማን ነው?»

«ፊልም ነው ጓድ። ሲኒማ።»

«የኢምፔሪያሊስት ፊልም?»

«ያው… ፊልም ነው።»

«ሰላይ እንዲህ አያደርግም ብለሃል። ሰላይ የሚያደርገውን በምን ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ መልስ አጥቼ አላውቅም። የቀደሙትንም ፊልሞች እንዳየሁ፣ ጥሩውን ከመጥፎው የምለየው በዚያ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ካድሬው አላቋረጠኝም፤ «እሺ፣ ቀጥል» ይለኛል። በቀጠልኩ ቁጥር ጉድጓዴን እየቆፈርኩ እንደሆነ ይታወቀኛል፣ አፌን ግን መግታት አቃተኝ። ፍርሃት አንዳንዱን ድዳ ያደርገዋል፤ እኔን አስለፈለፈኝ።

ስጨርስ ካድሬው ወደ ካህናቱ ዞረ። «መቋሚያ ሁሉ ይሰብሰብ» አለ።

ሚሊሻዎቹ ከቄሶቹም ከደብተራዎቹም እጅ እየወሰዱ ከወይራው ግንድ አጠገብ ከመሩት። ከዚያ መጥረቢያ መጣ። ራሱ ይነቀላል፣ ዘንጉ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፣ ካድሬው ጎንበስ ብሎ ውስጡን ያያል፤ እንጨት ነው። ሌላ ይመጣል። እንጨት ነው። እኔ ደግሞ ምንም እንደሌለባቸው እያወቅኩ፣ ያን ነገር ከራሴ የፈጠርኩት እኔ መሆኔን እያወቅኩ፣ ከአንዱ ውስጥ የሆነ ነገር ቢወጣስ ብዬ ፈራሁ። በተሰነጠቀ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። መጨረሻ ላይ የአባ መቋሚያ ተሰነጠቀ። ከመምህራቸው የወረሱት፣ እጃቸው የነካው ቦታ የጠቆረ መቋሚያ ነበር። እሱም እንጨት ነው።

ምንም አለመገኘቱ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። የካድሬውን ፊት ሳይ ግን የባሰ እንደመጣ ገባኝ። በአገሩ ፊት ይህን ሁሉ መቋሚያ የሰበረ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። «እሰሩት» አለ፤ «ወልድያ ይሂድ።» ክንዶቼን ወደ ኋላ ጠምዝዘው በገመድ አሰሩኝ።

አባ ከተቀመጡበት ተነሡ። መቋሚያ ስለሌላቸው የአንዱን ዲያቆን ትከሻ ያዙ።

«ጓድ፣ እኔ ገና አልማልኩም፤ ተራዬ ነው» አሉ። ማሉም። «ይህ ሰው የነፍስ ልጄ ነው፤ ንስሐውን አልናገርም። የምናገረውን ለማወቅ ግን ንስሐ መስማት አያሻም፤ አገር ያውቀዋል። ጉረኛ ነው፣ ውሸቱ አያልቅም። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ይላል። ፈረንጅ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ቢጠይቀው ወፍጮ ቤት ላከው። ሰውየው ዱቄት ለብሶ ነው የተመለሰው።»

ያ ፈረንጅ ፈረንሳይኛ ነበር የሚናገረው። አባ ይህን አልተናገሩም። አፌን ልከፍት ስል ዓይናቸው ያዘኝ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። አፌን ዘጋሁ።

ከኋላ ሌላው ተነሣ። «ነብር ገደልኩ ብሎ ቆዳ አሳይቶናል። የድመት ነው» አለ።

«ለንጉሡ ካባ ሰፍቻለሁ ብሎኛል» አለ ደግሞ አንዱ፤ «የእኔን ሱሪ እንኳ አንዱን እግር አሳጥሮ ነው የሰፋው።»

እንዲህ እየተነሡ እየማሉ ስሜን እንደ ብቅል አሰጡት። ለሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ በአንድ መልስ ነበረኝ፤ ነብሩ ደቦል ነበር፣ የሱሪው ባለቤት ራሱ ያነክሳል። ካድሬው ወደ አበልጄ ዞረና «አንተ ግን በዓይኑ አየ ብለሃል» አለው።

አበልጄ እንደገና ቆመ። «በዓይኔ አየሁ ሲል ሰምቻለሁ» አለ። «ማየቱን ግን አላየሁም።»

ካድሬው ወደ እኔ ቀረበ። «እውነት ነው? ውሸታም ነህ?»

ገመዱ እጄን አደንዝዞታል። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ያያል፤ በራሴ ጥረት ያወቅኩትን ሁሉ ስነግራቸው የኖርኩ ሰዎች ናቸው።

«ነኝ» አልኩ።

«ጮክ በል።»

«ውሸታም ነኝ ጓድ። ደሴም የሲኒማ ቤቱን ደጁን እንጂ ውስጡን አላውቅም።»

ካድሬው «ፍቱት» አለ። ሰላዩ ሳይገኝ አውጫጭኙ ተበተነ። ካህናቱ የመቋሚያቸውን ስባሪ እየለቀሙ ሄዱ። አባ በአጠገቤ ሲያልፉ አልተናገሩኝም፤ መስቀላቸውን አሳልመውኝ አለፉ።

ከዚያ በኋላ ሰው ከመጣ እነሣለሁ፣ መኪና ከቆመ ደጅ አያለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ካድሬው ብቻውን ሱቄ ገባ። የጃኬቱ እጅጌ ተተርትሯል፤ አወለቀና ሰጠኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስሰፋ ያየኛል።

ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ፊልም አዲስ አበባ አይቼዋለሁ» አለ። «ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋና አስወጡን። ሴትየዋ ለማን ነበር የምትሠራው? ለሰላዩ ነው ለጠላቶቹ?»

ከአውጫጭኙ ቀን ይልቅ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ፊልም መሆኑን እያወቀ መቋሚያዎቹን አሰነጠቀ፣ ፊልም መሆኑን እያወቀ ሊልከኝ ነበር። አሁን ደግሞ እፊቴ ተቀምጦ ይጠይቀኛል። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት። የፊልም ጥም ያለበትን ሰው ዓይን አውቃለሁ፤ የራሴን አውቃለሁና። ግን ወጥመድ የሚያጠምድ ሰውም እንዲሁ ጎንበስ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«ጓድ፣ እኔ ፊልም አይቼ አላውቅም» አልኩት።

«አላየህም?»

«አላየሁም። ውሸቴን ነው።»

ከእጅጌው ላይ ዓይኔን ሳላነሣ የስፌት መኪናዬን ረገጥኩ። ስጨርስ ጃኬቱን ተቀብሎ ለበሰ፣ ክንዱን ዘርግቶ ስፌቱን አየ፣ ወጥቶም ሄደ። ከዚያም በኋላ በመንገድ ስንገናኝ አልጠየቀኝም። ዝናቡ ሳይገባ ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሩት።

አሁን የሚያስረኝ የለምና ልናገረው። ሴትየዋ ለሁለቱም ነበር የምትሠራው። ሰላዩም ጠላቶቹም የእኛ ናት ይሉ ነበር፤ ምን እንደምታስብ ግን ማንም ሳያውቅባት ፊልሙ ያልቃል። ከዚያ ሁሉ ፊልም በደንብ የተሠራችው እሷ ብቻ ናት፤ በዚህ ፍርዴ ዛሬም አልመለስም።