እትዬ ጠርሙስ እና የእኔ ሰማንያ ሁለት

የእጥበት ክፍላችን በምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ፣ ከመጸዳጃው ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የብረት ገንዳ፣ አንድ ማድረቂያ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቀው የሚንጠባጠቡ ጠርሙሶች፣ አንድ እግሩ የተጠገነ በርጩማ አላት። በርጩማው የእትዬ ጠርሙስ ነው። ሌላ ሰው ሲቀመጥበት አይቼ አላውቅም፤ አንዴ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሊቀመጥ ሞክሮ በዓይናቸው ብቻ አስነስተውታል።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በራሳቸው ጥፋት ነው። ሰው ሲያገኙ ከሰላምታ በፊት «ጠርሙሴስ?» ይላሉ። ደረጃ ላይ ይጠይቃሉ፣ ሻይ ቤት ይጠይቃሉ። አንዱ ተመራማሪያችን ሲያገባ ሠርጉ ላይ ሙሽራውን አቅፈው ከሳሙት በኋላ በጆሮው «ግማሽ ሊትሯን እኮ አልመለስክልኝም» ብለውታል። ሙሽሪት ባሏ ለምን እንደደነገጠ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ሃያ ስድስት ዓመት የመስታወት ዕቃ አጥበዋል። ቁመታቸው ከገንዳው ብዙም አይበልጥም፤ እጃቸው ግን የአናጢ እጅ ነው። ባላቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሦስት ሴት ልጆች አሳድገው ሦስቱንም ድረዋል። እኔን በሰው ፊት «ዶክተር» እያሉ አንቱ ይሉኛል፤ ብቻችንን ስንሆን «አንቺ ልጅ»፣ ስቆጣ ደግሞ «አንቺ እሳት» ነኝ። እሳት ያሉኝ ያለ ነገር አይደለም። ግልፍተኛ ነኝ፤ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

ሥራዬ የአካባቢ ኬሚስትሪ ነው። ከከተማው ዳር የበር እጀታና የቧንቧ ጫፍ በክሮም የሚለብጥ ፋብሪካ አለ። የሚጥለው ውሃ ቢጫ ነው፤ ቢጫው መርዝ ነው፤ መርዙ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እኔና ተማሪዎቼ ከፋብሪካው ቦይ ጭቃ ውስጥ ይህን መርዝ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አግኝተን አራት ዓመት ሙሉ ቀለብናቸው። ባለቤቴ «ለእነሱ የምታስቢውን ሩቡን ለእኔ ብታስቢ ይሄኔ ቦርጭ አውጥቼ ነበር» ይላል።

ሙከራው ቀላል ነው። የፋብሪካውን ውሃ በሁለት ወገን ጠርሙሶች እንሞላለን፤ በአንደኛው ወገን ባክቴሪያ አለ፣ በሌላኛው የለም። ከሦስት ቀን በኋላ በሁለቱም የቀረውን ክሮም እንለካና እናነጻጽራለን። ልዩነቱ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ነው። የእኛ ልዩነት ከመቶ ሰማንያ ሁለት ሆነ! ትልቅ መጽሔት ላይ ወጣ። ጽሑፉን አስፍተን አትመን ኮሪደሩ ላይ ሰቀልነው። ፋብሪካው በቁጥሩ ተማምኖ አንድ የማጣሪያ ገንዳ ሊሠራ ተዘጋጀ። የእኔን የፕሮፌሰርነት ማመልከቻ የሚያየው ኮሚቴም ሊቀመጥ ሦስት ሳምንት ቀረው። በእነዚያ ቀናት መሬት የምረግጥ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ጠዋት እትዬ ቢሮዬ መጡ። ጋዋናቸውን አልለበሱም።

«ዶክተር፣ ጊዜ አለዎት?»

ብቻችንን ሆነን ዶክተር ካሉኝ ነገር አለ ማለት ነው። እንዲቀመጡ ብለምናቸው እምቢ አሉ።

«እዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለው ወረቀት፣ ምሳዬን ስበላ ሁልጊዜ አነበዋለሁ። ክሮም ክሮም ይላል። እኔ ጠርሙስ የማጥብበት የቡናማው አሲድ ዕቃ ላይም ክሮም የሚል አለ። አንድ ናቸው?»

«አንድ ናቸው። ምነው?»

በመሀል አንቱታውን ረሱት። «ባክቴሪያ ያለበት በአዲስ ጠርሙስ ይሁን ብለሽ አዲስ አወጣሁልሽ። የሌለበትን በአሮጌው አደረጋችሁት። አሮጌውን ደግሞ በቡናማው ነው ያጠብኩት። መስታወቱ ይዞት ቆይቶ ትንሽ ትንሹን ቢተፋውስ?»

ለማይገባው ላስረዳ። አሮጌው ጠርሙስ ከራሱ ክሮም እየተፋ ከሆነ ባክቴሪያ የሌለበት ውሃ ከእውነቱ በላይ መርዛም መስሎ ይለካል። ያኔ የባክቴሪያዎቹ ሥራም ካለው በላይ ተጋኖ ይታያል። ተማሪዎቼ የዚያ ወገን ቁጥር ከፍ አለ ብለው ሁለት ጊዜ ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን «የፋብሪካው ውሃ በየቀኑ ይለያያል» ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ድቅን ስላለም ነው የነደደኝ። «እትዬ፣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ! እርስዎ ጠርሙስዎን ይጠቡ፤ ኬሚስትሪውን ለእኔ ይተዉት!» አልኩ። ጮኼም ነበር፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል።

እሳቸው አልጮኹም። ከቦርሳቸው የእጥበት ክፍሉን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ያጠብኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የኔ ነው። መባረሬ አይቀርም ብዬ ይዤው መጣሁ» አሉና ወጡ። ጡረታ ሊወጡ ዓመት ተኩል ነበር የቀራቸው።

ቀኑን ሙሉ ስብከነከን ዋልኩ። ከዚያ እልህ ይዞኝ እንዳልተሳሳትኩ ላረጋግጥ ብዬ አሥር አሮጌ ጠርሙስ አውጥቼ ምንም የሌለበት የተጣራ ውሃ ሞላሁባቸው። ሦስት ቀን ጠበቅኩ። እትዬ አልመጡም። ገንዳው በቆሻሻ ዕቃ ተሞላ፣ ተማሪዎቹ መኮሳተር ጀመሩ፤ በሦስተኛው ቀን ለካሁ። ምንም ሊኖርበት የማይገባው ውሃ በአሥሩም ጠርሙስ ክሮም ነበረበት።

ወደ እጥበት ክፍሉ ሄጄ ቆምኩ። ከገንዳው በላይ በፕላስቲክ የተለበጠ የእጥበት መመሪያ ተለጥፏል፤ «በሳሙና ያልለቀቀ ዕቃ በቡናማው አሲድ ይታጠብ» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አዲስ ዶክተር ሆኜ ሁሉን አውቃለሁ ስል የፈረምኩት የገዛ ፊርማዬ ነበር። እትዬ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። አፈርኩ፤ መሬት ብትከፈትልኝ በደስታ እገባ ነበር።

ቤታቸው የሄድኩት ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ነው። ሦስት ፎቅ ወጥቼ በሩን ሳንኳኳ ባላቸው ከፈቱልኝ።

«ደግሞ ማንን ልትቆጪ መጣሽ?» አሉኝ ሹፌሩ።

«ልቆጣ አይደለም፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ጫማሽን ጠርገሽ ግቢ።»

እትዬ ሳሎኑ ውስጥ የመስኮት መጋረጃ እያወረዱ ነበር። ሦስት ቀን ሥራ ፈትተው የቤቱን ጨርቅ ሁሉ አጥበው ጨርሰዋል፤ ሹፌሩ «የለበስኩትን ሊያወልቁብኝ ትንሽ ነው የቀራቸው» ብለው አሾፉ። ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ፊርማው የእኔ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ ለማንም ያልተናገርኩትን አወጣሁ፦ «ሦስት ሳምንት ብቻ ዝም ብል፣ ኮሚቴው ይወስናል። ከዚያ በኋላ አርመዋለሁ።»

መጋረጃውን እንደያዙ ቁልቁል አዩኝ። ወንበር ላይ ስለቆሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ረዝመው ነበር።

«በሦስት ሳምንት ፋብሪካው ገንዳውን ቆፍሮ ይጨርሳል። በአንድ ገንዳ ጠራ ይሉና ይለቁታል። ትንሿ ልጄ ከወንዙ ማዶ ናት፤ ልጆቿን የምታጥበው በዚያ ውሃ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ያዢልኝ እስቲ ይሄን ጫፍ» አሉኝ።

ጫፉን ያዝኩ። በማግሥቱ ጽሑፌን እንዲያነሳልኝ ለመጽሔቱ ጻፍኩ፤ ለፋብሪካውም ቁፋሮው እንዲቆም ደወልኩ። ቁልፉን እትዬ መዳፍ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። የክፍሉ ኃላፊ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ጤነኛ ነሽ?» አለኝ። ኮሚቴው ማመልከቻዬን ሳያይ መለሰው። ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ ወሬ ይቋረጥ ነበር፤ ትልቁን ወረቀት ራሴ አውርጄ ጠቀለልኩት። ሆድ አልባሰኝም ብል ውሸት ነው። ባለቤቴ ትከሻ ላይ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ።

ሙከራውን ከሥር ጀመርነው። ቡናማው አሲድ ተወገደ፤ እትዬ ጠርሙሱን ሁሉ ክሮም በሌለበት ሌላ አሲድ አጠቡት። ሰባት ወር ፈጀ። እውነተኛው ቁጥር ስድሳ አንድ ሆነ። የውጤቱን ወረቀት ይዤ እጥበት ክፍል ወረድኩና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«ስንት ሆነ?»

«ስድሳ አንድ። ከመቶ ሠላሳ ዘጠኙ መርዝ እንዳለ ይቀራል። አለቀልን።»

«ምኑ ነው ያለቀው?» እጃቸውን ሳሙናው ውስጥ እንደነከሩ ዞሩ። «እኔ ጠርሙስ አንድ ጊዜ አለቅልቄ የምሰጥሽ ይመስልሻል? ሦስት ጊዜ ነው የማለቀልቀው። በመጀመሪያው ትንሽ ይቀራል፤ ከቀረው ላይ ሁለተኛው ይወስዳል፤ ከዚያም ሦስተኛው። ውሃውን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው አሳልፊው።»

እዚያው የኪስ ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። ከሦስተኛው ገንዳ ሲወጣ ከመቶ ዘጠና አራቱ ይነሳል። ከዚያ ከውሸቱ ሰማንያ ሁለት ይበልጣል! እንደ እብድ ሳቅሁ። እትዬን አቅፌ በሳሙና ተጨማለቅሁ፤ «ተይ፣ ተይ፣ ትሰብሪያለሽ!» ይሉኛል።

ሞከርነው፤ ሠራ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ግን ራሱን ያዘ። «ሦስት ገንዳ? አንድ አላላችሁም ነበር?»

«ብለን ነበር። ተሳስተን ነበር» አልኩ።

«በሥራ ዘመኔ ተሳስቻለሁ ያለኝ ምሁር እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት» አለ። ሦስቱንም አሠራ። በየሳምንቱ የምንለካው ውሃ አሁን ሲወጣ ቢጫ አይደለም።

አዲሱ ጽሑፍ ሲወጣ እትዬ ከጸሐፊዎቹ አንዷ ነበሩ። መጽሔቱ የሥራ መደባቸውን ሲጠይቅ «የመስታወት ዕቃ እጥበት ኃላፊ» ብዬ ሞላሁ።

«የማን ኃላፊ ነኝ? ብቻዬን አይደል የማጥበው?» አሉ።

«የጠርሙሶቹ።»

አሰቡበት። «እሱስ ልክ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አዲስ ደንብ አለ፤ ለካሁ የሚል ሰው የሚለካበትን ጠርሙስ ራሱ ማጠብ መቻል አለበት። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ የምማረውም እኔ ሆንኩ። እትዬ ጡረታ ሊወጡ አምስት ቀን ሲቀራቸው እጅጌዬን ጠቅልዬ ገንዳው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ፣ የክፍሉ ኃላፊ እየሮጠ ገባ። እንደገና ያስገባሁትን ማመልከቻ ለማየት ኮሚቴው ትናንት ተቀምጦ ኖሯል። ደብዳቤውን እጄ ርጥብ ስለሆነ ራሱ አነበበልኝ። ከውሳኔው ምክንያቶች አንደኛው የመጀመሪያውን ጽሑፌን በራሴ ፈቃድ ማንሳቴ ነበር። ፕሮፌሰር ሆኜ ነበር።

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። እትዬም ዓይናቸውን በጋዋናቸው እጅጌ ጠረጉ፣ ጉንጬን በርጥብ እጃቸው ይዘው ሳሙኝ፣ ለኃላፊው ሳይቀር በርጩማቸውን ሰጡት። ከዚያ ወደ መስቀያው ዞረው አሁን ያጠብኩትን ጠርሙስ አነሱ። ወደ መስኮቱ አቅርበው አገላበጡት። ገንዳው ውስጥ መልሰው አስገቡት።

«ኮሚቴው ተቀብሎሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። «ይሄን ጠርሙስ ግን እኔ አልቀበልሽም።»

እጅጌዬን እንደገና ሰበሰብኩና አጠብኩት።