የቦንዳ ጭራ

ዱባይ፣ አል ዋርቃ የሚባል ሰፈር ማዳም ቤት ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ቪዛዬን አዛውሬ ሻርጃ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሳሪ ሆንኩ። ዱባይ ዲራ ገበያ የሚሸምቱ የአገሬ ነጋዴዎች ጨርቅና ብርድ ልብሳቸውን ወደ እኛ ይልካሉ፤ እኔ ቦንዳ አድርጌ አስረዋለሁ። ያኔ ከአገር ቤት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መውጣት ታግዶ ነበር። ቪዛው የተሰረዘበት ሰው አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። እናቴና ሁለት እህቶቼ ደግሞ እኔኑ ነበር የሚጠብቁት።

ሮቦቶቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ከጉልበት የማይበልጡ ጠፍጣፋ ነገሮች ናቸው። ዕቃ የተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ሹልክ ብለው ይገቡና ያለ ነጂ ተሸክመውት ይሄዳሉ፤ ፊታቸው ሰው ወይም ዕቃ ካዩ ይቆማሉ። ሌላው ሰው ተደነቀባቸው። እኔ እንጀራዬን ሊነጥቁኝ የመጡ መሰለኝና ጠመድኳቸው።

የሌላውን ጭነት ሲያመላልሱ ይውላሉ፤ የእኛን ነጋዴዎች ቦንዳ ሲጭኑ ግን ሁለት እርምጃ ሄደው ቀጥ! የሮቦቶቹ መሐንዲስ ፈታትቶ አየና ማሽኑ ጤነኛ ነው አለ። እንግዲያው ጥፋቱ የአሳሪዋ ነው ተባለ። አለቃዬ እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ቪዛዬን እንደሚያሰርዝ በዐረብኛ ነገረኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ፣ መሐንዲሱ ሲያደርግ እንዳየሁት ማስነሻውን ተጫንኩና ከሮቦቱ ጎን በደረቴ ተጋደምኩ። መንቀሳቀስ ሲጀምር ከቦንዳው የተንጠለጠለ የገመድ ጫፍ መጥቶ ዓይኑ ላይ ተወዛወዘ። ቆመ። ገመዱ የእኔው ነው። መርካቶ ያለ ተሸካሚ ቦንዳ የሚጎትተው በገመዱ ጭራ ነው፤ ጭራ ሳይተው ያሰረ ሰው ይሰደባል። እኔም ለአገሬ ልጅ አዝኜ ክንድ የሚያህል እተውለት ነበር። ደግነቴ ሊያስባርረኝ! ተናደድኩም፣ ሳቅሁም።

ዝም ብዬ ባስተካክለው ማንም አያውቅም ነበር። ግን ከማዳም ቤት የወጣሁት ዝም ማለት ሰልችቶኝ ነው። አለቃዬንና መሐንዲሱን ጠራሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። «ማሽኑ ዋላሂ ምንም አልሆነም።»

ጭራዎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ አጥፌ ከማሰሪያው ሥር ሸጎጥኳቸው፤ ተሸካሚው ሲደርሰው መዝዞ ያወጣዋል። ሮቦቱ ተነሳ። ሁለት እርምጃውን አለፈ፣ መታጠፊያውን አለፈ፣ እስከ መጫኛው በር ደረሰ። እኔም ከጎኑ እየሮጥኩ ነበር። እልል ልል ትንሽ ቀረኝ። ምን ትንሽ ቀረኝ፣ አልኩ እንጂ።

አለቃዬ ሳቁን መደበቅ አቃተው። «ነገ ፓስፖርትሽን አምጪ፣ ቪዛሽ መሰረዙ ቀርቶ ይታደሳል» አለኝ። «ከእንግዲህ አንቺ ያላየሽው ጭነት ሮቦት ላይ አይወጣም።»

ያን ቀን አጅማን፣ አንድ አልጋ የተከራየሁበት ቢድ ስፔሴ ገብቼ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ሳብኩ። አብራኝ የምትኖረው የደሴ ልጅ ልብሴን እያወጣሁ ስሰቅል አይታ መቼ እንደሸከፍኩት ጠየቀችኝ።

«አለቃዬ የተቆጣ ዕለት» አልኳት።

ተነሳችና ማንጠልጠያ ታቀብለኝ ጀመር።