በጣም ጥሩ የተባለው ትምህርት ቤት

ሂንድ ይማም ጥድ አምባ የደረሰችው በ1970 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ ለሁለት ዓመት ተብላ። ደሴ ላይ አብረዋት የተመረቁት መምህራን የምድብ ዕጣ ሲያወጡ ለእርሷ ላስታ ደረሳት። ዕጣውን የሚመዘግበው ሰውዬ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ፣ «ሁለት ዓመት ምን አላት፤ ሳታውቂው ያልቃል» አላት። ፈረመችና ወጣች። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ጥድ አምባ ከጋሸናው መንገድ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በሦስት በኩል ገደል ነው፤ በአራተኛው በኩል ያለችው መውጫ ደግሞ ክረምት ሲገባ ጭቃና ጎርፍ ይይዛታል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቆርቆሮ አዋጥቶ የሠራው ትምህርት ቤት አለ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል። ሂንድ የተመደበችው ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ቤት ያከራዩዋት ወይዘሮ ወለተ ሐና ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሴት ነበሩ። በአገሩ ሌላ እስላም የለም። ሂንድ ከእነርሱ ሥጋ እንደማትበላ ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። በመጀመሪያው ፋሲካ ዶሮ በነፍሱ ይዘው መጥተው በሯ ላይ ቆሙ። «በራስሽ እጅ፣ በራስሽ ስም እረጂው። አንቺ ሽሮ እየበላሽ እኔ በዓል አልውልም» አሏት። ሂንድ ዶሮ አርዳ አታውቅም ነበር፤ ተወልዳ ባደገችበት በሐይቅ ከተማ ይህ የወንዶቹ ሥራ ነው። ያን ቀን ቢስሚላሂ ብላ አረደች።

በዚያው ዓመት ሰኔ አርባ ሦስት ልጆች ሚኒስትሪ ተፈተኑ። ያለፉት አምስት ናቸው። ውጤቱ ሲለጠፍ ሂንድ ከወላጆቹ ጋር ፊት ለፊት እንዳትገናኝ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞራ ወደ ቤቷ ገባች። ማንም አልወቀሳትም። ሰዉ ከዚያ ትምህርት ቤት አምስት ልጅ ማለፉን እንደ ደግ ነገር ነበር ያየው። እሷን ግን የበላት ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቅዳሜን ጨመረች። ቀጥላም ማለዳ ከደወሉ በፊት አንድ ሰዓት ጨመረች። በአራተኛው ዓመት የሳይንሱ መምህር ለዘመቻ ተጠርቶ ሄዶ በዚያው ሲቀር፣ ምትክ እስኪመጣ ብላ ሳይንሱንም ያዘችው። ምትክ አልመጣም። በ1975 ከአርባ ልጆች ሠላሳ ስድስቱ አለፉ።

አውራጃው ለየትምህርት ቤቱ ደረጃ ይሰጣል፤ ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ። ጥድ አምባ ከደካማ ተነሥቶ ጥሩ ላይ ደረሰ። ርእሰ መምህሩ ምስጋኑ ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ቢሮው ውስጥ ሰቀለው።

ሁለቱ ዓመት እንዳለቀ ሂንድ የዝውውር ቅጽ ሞልታ ነበር። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ትሞላለች፤ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ መልሱ ይመጣል። ቃሉ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል እንጂ ያው ነው። «ያቀረቡት ጥያቄ ለትምህርት ቤቱ ጥራት ሲባል ለጊዜው ተቀባይነት አላገኘም።» ከእርሷ በኋላ መጥተው የልጆቹን ስም እንኳ ሳያውቁ የሚውሉ ሁለት መምህራን በዓመት ከመንፈቅ ተዛውረው ሄዱ። እነርሱን የሚይዛቸው ምክንያት አልነበረም።

በ1977 ድርቁ ከመምህሩም ከተማሪውም ብዙ ወሰደ። የክፍሉ ግማሽ ባዶ ሆነ። የተመለሱትን እንደገና ከታች ጀምራ አስተማረች። በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሟ አባስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደና ከሁለት ደብዳቤ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሐይቅ ያሉት እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ ብቻቸውን ቀሩ። ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ደብዳቤያቸውን የሚጽፈው የጎረቤት ልጅ ነው። በ1979 ጥር ላይ የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ «አሁን ጥላውም ጠፍቶብኛል። እሳት ስነካ ነው እሳት መሆኑን የማውቀው። አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። ነይ አልልሽም፤ እንደማይለቁሽ አውቃለሁ።»

ሂንድ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በዚያ ሳምንት በሕይወቷ አስባው የማታውቀውን ነገር አሰበች። የሚይዙኝ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ስለሆነ ነው፤ ጥሩ ካልሆነስ?

የካቲት ላይ የአውራጃው ኢንስፔክተር አቶ ታፈረ ለሦስት ቀን በበቅሎ መጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ናቸው። ክፍል ሲገቡ ከኋላ ተማሪ መካከል ይቀመጡና ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እንደ ተማሪ ይጽፋሉ። ምስጋኑ ከእርሳቸው መምጣት በፊት ከታችኛዎቹ ክፍሎች አግዳሚ ወንበሮች አስመጥቶ ስምንተኛ ክፍልን ሞልቶት ነበር። ትንንሾቹ ሦስቱን ቀን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሂንድ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፈች። የአንድ ማሳ ርዝመት ከወርዱ በስምንት ሜትር ይበልጣል፤ ዙሪያው ሃምሳ ስድስት ሜትር ነው፤ ወርዱ ስንት ነው? መሥራት ጀመረችና ስምንቱን በሁለት ማባዛት ያለባት ቦታ ላይ ሳታባዛው አለፈች። ወርዱ አሥራ ሁለት ነው ብላ ከሥሩ አሰመረች።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከሦስተኛው ረድፍ አመተ ሥላሴ እጇን አወጣች። አመተ ሥላሴ አባቷ ሚኒስትሪ እስክትፈተን ብቻ ብለው ሠርጓን ያዘገዩላት፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ወርዱ አሥራ ሁለት ከሆነ ርዝመቱ ሃያ ይሆናል» አለች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ። «ዙሪያውን ስንደምረው ስድሳ አራት ይመጣል። ማሳው ሃምሳ ስድስት ነው። ስለዚህ ወርዱ አሥር መሆን አለበት።»

«ስምንቱ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፣ እትዬ» አለ ሌላው፣ ሊያግዛት ፈልጎ። «በዚህም በዚያም ጎን።»

ሁሉም በትሕትና ነው የሚናገሩት። መምህርታቸውን እንግዳ ፊት እንዳያሳፍሩ ተጠንቅቀው ነው። መልስን መልሶ በጥያቄው ላይ መለካት ያስተማረቻቸው እርሷ ናት፤ ማንም ቢሆን፣ እኔም ብሆን፣ ሳትለኩ አትመኑ ብላቸዋለች። ሂንድ ወደ ሰሌዳው ዞረች። አጥፍታ አስተካከለች። ከኋላ የአቶ ታፈረ እርሳስ ሳያቋርጥ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ አቶ ታፈረ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ካለው ጥድ ሥር ተቀምጠው ቅጻቸውን ሲሞሉ አገኘቻቸው። ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«አቶ ታፈረ፣ ያ ስሕተት አውቄ ያደረግሁት ነው።»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ገብቶኛል። እኔም ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ያስተማረ ሰው እንደዚያ አይሳሳትም።»

«እንግዲያው ምን ብለው ጻፉ?»

«በጣም ጥሩ። እኔ የምመዝነው ትምህርት ቤቱን ነው። ተማሪው አስተማሪውን በትሕትና የሚያርምበት ክፍል በአውራጃው ስንት እንዳየሁ ልንገርዎ? ይህን አንዱን ነው።»

ሂንድ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። የእናቷን ነገር ነገረቻቸው። የወንድሟንም ነገረቻቸው። ከዚያ፣ «ትምህርት ቤቱ የሚሉት እኮ እኔ ነኝ» አለች። «መጽሐፉ ለስድስት ልጅ አንድ ነው። የቤተ ሙከራው ቁልፍ አለ፤ ዕቃው የለም። አግዳሚዎቹን ያመጣናቸው ከትንንሾቹ ነው። ነገ እኔን ትኩሳት ቢይዘኝ ሒሳቡም ሳይንሱም በአንድ ቀን ይቆማል። ይህ ጥሩ ነው?»

«ይህን እንዳለ ብጽፈው የሚሆነውን ልንገርዎ» አሉ አቶ ታፈረ። «መምህር አይልኩም፤ የላቸውም። ሰባተኛና ስምንተኛን ዘግተው ልጆቹን ወደ ላሊበላ ሂዱ ይሏቸዋል። ስንቅ ያለው ወንድ ይሄድ ይሆናል። ሴቶቹን ማን ይልካቸዋል? ሳይሄዱ ከቀሩት ወንዶች ዕድሜው የደረሰውን የገበሬ ማኅበሩ ለውትድርና ይመዘግበዋል። እርስዎን ደግሞ ሰቆጣ ይመድቡዎታል እንጂ ሐይቅ አይመድቡዎትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ አላውቅም። የሚሉኝን እጽፋለሁ። ደካማ ይበሉኝ፣ ደካማ ብዬ እጽፋለሁ። በሥራዬ እንዲህ ያልኩት ሰው የለም።»

ሂንድ ያን ጊዜ ደግነት መሰላት። ቆይታ ስታስበው ግን ሰውዬው የራሳቸውን ሸክም አንሥተው ጭኗ ላይ እንዳስቀመጡት ገባት። አልተናደደችባቸውም። ከመስኮቱ ውስጥ አመተ ሥላሴ ለሌሎቹ ያንኑ ማሳ ሰሌዳ ላይ ሥላ ስታስረዳ ይታያል። እናቷ እሳት በእጃቸው ሲፈልጉ ታዩአት። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የምታስቀምጥበት መንገድ ፈልጋ አጣች።

«በጣም ጥሩ ይበሉ» አለች። «ግን ከሥሩ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ሁለቱንም ትምህርት የምታስተምረው አንዲት ሰው ናት፤ እርሷ ብትታመም ትምህርት ቤቱ ይቆማል፤ ምትክ ያስፈልጋል። እውነቱን አንድ ሰው እንኳ ያንብበው።»

አቶ ታፈረ ቃል በቃል ጻፉት። አነበቡላት፤ ተስማማች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ መልሱ መጣ። ምስጋኑ የመጀመሪያውን ገጽ ልጆቹን በሰልፍ አቁሞ አነበበው። ጥድ አምባ የአውራጃው ሞዴል ትምህርት ቤት ተብሏል። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሴቶች እልል አሉ። ሁለተኛውን ገጽ ግን አላነበበውም። ቢሮው ጠርቶ ሰጣት።

«ትምህርት ቤቱ በሁለት ዋና ዋና ትምህርቶች በአንዲት መምህርት ላይ የተመሠረተ መሆኑ በኢንስፔክሽን ስለተረጋገጠ፣ ምትክ እስኪገኝ ድረስ የዝውውር ጥያቄዋ እንዳይታይ» ይላል።

ምስጋኑ ዐይኗን ሸሸ። «ሂንድ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ እኔ አልጠየቅሁም» አላት፣ በእርሷ አምላክ ምሎ።

«አውቃለሁ» አለችው። «የጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

በዚያ ክረምት ሐይቅ ወረደች። ከተማሪዎቿ ከአንዱ በቀር ሁሉም ማለፋቸውን፣ አመተ ሥላሴም ላሊበላ ዘጠነኛ ክፍል መመዝገቧን የሰማችው እዚያ ነው። እናቷን ያየች ዕለት ሌላ ምክር አላስፈለጋትም። ጓዛቸውን በሁለት ጆንያ ቋጥራ፣ እስከ ወልድያ በአውቶቡስ፣ እስከ ጋሸና በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ጥድ አምባ አወጣቻቸው። በዳገቱ ላይ ወይዘሮ ዘነቡ የኮርቻውን ግንባር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወጡ።

ወለተ ሐና ተቀበሏቸው። ሁለቱ ሴቶች ባንድ ሳምንት ተላመዱ። ሂንድ ትምህርት ቤት ስትውል ወለተ ሐና ጥጥ እየፈተሉ፣ ዘነቡ ጥጥ እየባዘቱላቸው ይውላሉ። ዘነቡ ግን ከአጥሩ አይወጡም። ከአጥሩ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ገደል ስላለ ሂንድ ብቻቸውን እንዳይነሡ አስምላቸዋለች። ሐይቅ ሳሉ በመዳበስም ቢሆን እስከ ጎረቤት ይደርሱ ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነፋሱን አሸተቱና፣ «ልጄ፣ እስር ቤትሽስ አየሩ ጥሩ ነው» አሏት። ሂንድ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነበር። «እዚህ ብሞት ከማን ጎን ነው የምታጋድሚኝ?» ይላሉ።

«አብሽሪ እማ። ዘንድሮ ይለቁኛል፣ ኢንሻ አላህ።»

አልለቀቋትም። በ1980 ግንቦት መጨረሻ፣ ብርዱ ለሁለት ሳምንት ደረታቸውን ይዟቸው ከቆየ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ወይዘሮ ዘነቡ ዐረፉ። በአገሩ የሚያጥብ ሴት የለም፣ የሚያሰግድ ሰው የለም፣ የእስላም መቃብር የለም። ሂንድ እናቷን ራሷ አጠበች። ውሃውን ያፈሰሱላት ወለተ ሐና ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ «በቃሽ ስትዪኝ ልቁም» እያሉ አፈሰሱ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የሰሙት ወንዶች ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ከመካከላቸው የአመተ ሥላሴ አባት ጋሻዬ፣ «ጋሸና መንገድ ዳር እስላም ነጋዴዎቹ መቃብር አላቸው። ፀሐይ ሳይበረታ እንነሣ» አሉ። ቃሬዛ አሰሩ። አሥራ ስድስት ሆነው በየተራ እየተሸከሙ ቁልቁለቱን ወረዱ። ጋሸና ሲደርሱ ነጋዴዎቹ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ሬሳውን ከክርስቲያኖቹ ትከሻ ላይ ወደ ራሳቸው ትከሻ አዛወሩ። የጥድ አምባ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ራቅ ብለው ቆሙ፤ ስግደቱ እስኪያልቅ፣ አፈሩ እስኪመለስ አልተነቃነቁም።

ሂንድ መንገዱ ዳር ቆመች። አንድ የጭነት መኪና ወደ ወልድያ ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቷል። ሾፌሩ ብቻዋን ቆማ ሲያያት፣ «ትሄጃለሽ?» አላት።

አስባበት አልነበረም። መኪናውን አየችው። ሐይቅ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም፤ የቤቱንም በር ጎረቤት ቆልፎታል። ሚኒስትሪው ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ክፍልፋዩን ገና አልከለሰችላቸውም።

«አልሄድም» አለችው።

ሰዎቹ ባዶውን ቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ጀምረዋል። ጋሻዬ ወደ ኋላ ቀርተው እየጠበቋት ነበር። ተከተለቻቸው። በማግስቱ ማለዳ፣ ደወሉ ሳይደወል፣ ስምንተኛ ክፍል ገባች። ሠላሳ ሰባቱም ልጆች ቀድመዋት መጥተው ተቀምጠው ነበር። እንደ ገባች ብድግ አሉ፤ ተቀመጡ እስክትላቸው ቆመው ቆዩ።