የእማማ ጥሩነሽ ግድግዳ

ይህን ለቄሱም፣ ለባሌም፣ ለልጆቼም አልተናገርሁም። በየዓመቱ አስተስርዮን፣ የኃጢአት ማስተስረያውን ቀን፣ ስጾም ከአፌ ጫፍ ይደርስና እውጠዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከመጣን አሥር ዓመት አልፎን ነበር። ጊቫት ሃሞሬ በሚባል ሰፈር ባረጀ ፎቅ ውስጥ፣ እማማ ጥሩነሽ ከታች፣ እኔ ከላያቸው እንኖር ነበር። ዘመድ አልነበራቸውም። ዝናብ ሲመጣ የሁለታችንም ቤት ይረጥባል፤ የእሳቸው ግድግዳ ግን ከወለል እስከ ጣራ በሻጋታ ጠቁሮ ነበር።

«ይኸ ግድግዳ ወባ ይዞታል፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ያልበዋል» እያሉ ያስቁኝ ነበር። ከዚያ ሳሉ ይነሣባቸዋል።

ያን ዓመት የሰፈራችንን ቤቶች ያድሱ ጀመር። ከእኛ ሕንጻ የሚታደሰው አንድ ቤት ብቻ ነው ተባለ፤ የባሰውን መሐንዲስ መጥቶ ሊመርጥ። ዕብራይስጥ የምችል እኔ ስለነበርሁ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንሁ።

በዋዜማው እማማ ጥሩነሽ ጠሩኝ። የሰንበት ጋቢያቸውን አውጥተዋል።

«ያዥልኝ እስቲ ልጄ፣ ግድግዳው ላይ እንስቀለው።»

«ምነው እማማ?»

«እንግዳ ይመጣ የለ? ገበና ለእንግዳ ይታያል እንዴ?»

ሰውየው የሚመጣው ገበናውን ሊያይ እንደሆነ አውቅ ነበር። አልነገርኋቸውም። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

መሐንዲሱ መጣና ቤቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። ተነሥተው፣ እጅ ነሥተው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ!» አሉ። የእኛ ሰው እየተቸገረም እንዲህ እንደሚል በዚያ ክፍል ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? እኔ ግን «ምንም አልጎደለኝም ይላሉ» ብዬ ተረጎምሁ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ባልዋሸሁበት ቃል ነው የበደልኋቸው።

ከዚያ ወደ ቤቴ ይዤው ወጣሁ። የልጆቼን አልጋ ስቤ እርጥቡን ግድግዳ አሳየሁት።

ስለ ልጆቼ ብዬ ነው ልበል? ልጆቼ አያስሉም ነበር።

ቤቴ ታደሰ። እማማ ጥሩነሽ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጥተው አዩልኝ። «እሰይ ልጄ! ስለ እኔም ተናግረሽልኝ ነበር፤ ያንቺ መታደስ የእኔም ነው። ጤና ይስጥሽ» ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልሁ። በምን አፌ?

በሦስተኛው ክረምት በደረታቸው ሕመም ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም። ለለቅሶው ቤቱን ሳጸዳ ጋቢውን አወረድሁት። ጥቁሩ ከጀርባ ዘልቆ ወደ ፊት ወጥቶ ነበር።

ይቅር በሉኝ የምላቸው ሴት አፈር ውስጥ ናቸው። የእሳቸውን ይቅርታ ከማን እቀበላለሁ? ፈጣሪ ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ ቤቴም ደረቅ ነው፤ አመሰግነዋለሁ። ግን ምስጋናዬ ራሱ ያስፈራኛል።

ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ይመስገን» እላለሁ። ገልጦ የሚያየኝ የለም።